አንድ ሳጥን ለስላሳ

ወንድሜን ዕቃ ግዛ ብሎ መላክ ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ እንደሆነ አውቃለሁ። እያወቅኩ ላክኩት። ጥፋቱ ግን የሱ ነው፤ በዚህ ማንም እንዳይከራከረኝ።

ፎቶ አንሺ ነኝ። ስቱዲዮ የምለው የቤታችንን የፊት ክፍል ነው፤ አንዱን ግድግዳ ግራጫ ቀብቼ፣ ሶፋውን ወደ ጓዳ ገፍቼ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለሚጨርሱት ተማሪዎች የዳንስ ምሽት ያዘጋጃል። ወንዶቹ ከአባታቸው በተዋሱት ሱፍ፣ ሴቶቹ መሬት በሚጠርግ ቀሚስ ሆነው፣ ወደ አዳራሹ ከመሄዳቸው በፊት እኔ ጋ መጥተው ይነሳሉ። ዘንድሮ ቀኑ ሲቃረብ የካሜራ ፍላሼ ቦግ ብሎ ተቃጠለ። ዕድሜ ጠግቧል፤ አላለቀስኩለትም።

የጨነቀኝ ሌላ ነው። ዘንድሮ ከሚጨፍሩት አንዷ ልጄ ናት። አባቷ፣ ባለቤቴ፣ የአውቶቡስ ሾፌር ነበር። ዓይኑ እየደከመ ሄዶ መሪውን ካስረከበ ቆየ። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፤ ያለችው ትንሽ ብርሃንም ብዙ አትቆይም፣ ማየት የሚፈልገውን አሁን ይይ። እኛን የሚለየን በድምፅ ነው። ልጅቷ ድምፅ ሳታሰማ ፊቱ ስትቆም "ሚጣ፣ አንቺ ነሽ ወይስ በሩ?" ይላታል። እሷም ትስቃለች። አንድ ቀን ግን ወጥ ቤት መጥታ "እማዬ፣ ዓይኑ ሳይጠፋ አባዬ አንዴ በደንብ ይየኝ" አለችኝ። "ፊቴን ብቻ፣ ትልቅ አድርገሽ አንሺኝ። ወረቀቱን አስጠግቶ ያየኛል።"

እሺ አልኳት። ምን እላለሁ?

እንግዲህ መብራት ፍለጋ ወጣሁ። የመንገዱ ጥግ ላይ ያለው መብራት ሻጭ መጀመሪያ ያሳየኝ ትልቁን ፍላሽ ነው። ዋጋውን ሲጠራልኝ "ሱቁም አብሮ ነው?" አልኩት። ቀጥሎ ክቡን መብራት አወጣ። ርካሽ ነው፣ ልቤን ወስዶት ነበር፤ ግን ዓይን ውስጥ ቀለበት ያስቀምጣል፣ የተነሳው ሰው ሁሉ የደነገጠ ዓሣ ይመስላል። ልጄን ዓሣ አድርጌ ለአባቷ አልሰጥም። በመጨረሻ ከጥግ አንድ ጥቁር የጨርቅ ሳጥን ጎተተ። አምፖሉ ውስጥ ነው፣ ፊቱ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ ብርሃኑ ተጣርቶ ስለሚወጣ በኛ ሙያ ለስላሳ ሳጥን እንለዋለን።

"ብጉር ይውጣል፤ ጥላ ያጠፋል" አለኝ። "ልጅሽን ደመና ነው የሚያስመስላት።"

ደመና! ደስ አለኝ። እስኪማረር ድረስ ተከራከርኩትና ቅዳሜ እንደምወስደው ተስማማን።

ቅዳሜ የዳንሱ ቀን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ደንበኛ በላይ በላዩ መጣ፤ አንዷ ፀጉሯን ታስተካክላለች፣ አንዱ ከረባት እሰሪልኝ ይላል። ከቤት መውጣት አልቻልኩም። ወንድሜ ጋ ደወልኩ። ወንድሜ የፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የተጠየቀውን ያወጣል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሰው አካፋ ብሎ ከጠየቀው መቃብር ቢቆፍርበትም ግዱ አይደለም።

"ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ አንድ ለስላሳ ሳጥን አምጣልኝ" አልኩት።

"አንድ ብቻ ይበቃል?"

"ይበቃል።"

ጥጉ ላይ ሁለት ሱቆች ጎን ለጎን እንዳሉ ትዝ ያለኝ ከቀትር በኋላ ነው፤ ወንድሜ በላብ ተጠምቆ፣ በትከሻው ጠርሙስ እያንቋቋ ሲገባ።

"ምንድነው ይሄ?"

"አንድ ሳጥን ለስላሳ።"

"እኔ ያልኩህ ለስላሳ ሳጥን ነው!"

ሳጥኑን አውርዶ በጣቱ መታ መታ አደረገው። "ሳጥኑማ ፕላስቲክ ነው፣ ከየት ይለሰልሳል? ለስላሳው ውስጡ ነው" አለኝ። ከዚያ ደግሞ ሊያጽናናኝ፣ "ከፍሪጅ ነው ያስወጣሁት። ቀዝቃዛ ነው።"

ደሜ ፈላ። መብራት ሻጩ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ እንደማይከፍት አውቃለሁ። ቢሆንም ወንድሜን አስሮጥኩት። ሄዶ የተዘጋ በር አይቶ መጣ። "ተዘግቷል፤ ቁልፉ ግን ጥሩ ቁልፍ ነው" አለኝ።

የነበረኝ ምርጫ ጎረቤታችን ብረት በያጁ ብቻ ነበር። ፓውዛውን፣ ሲመሽ ግቢው ውስጥ የሚሠራበትን፣ ከነብረት እግሩ ተሸክሞ አመጣልኝ። ሲበራ ክፍሉ ውስጥ ፀሐይ የገባች መሰለ። ወንድሜን ፊቱ አስቀምጬ ሞከርኩ። ግማሽ ፊቱ ነጭ፣ ግማሹ ጥቁር፣ የአፍንጫው ጥላ እስከ አገጩ። ፖሊስ የሚፈልገው ሰው መሰለ። በዚህ ልጄን? በጭራሽ። ገመድ ወጠርኩ፣ ነጭ የአልጋ አንሶላ ሰቀልኩ፣ ፓውዛውን ከኋላው አቆምኩ። ብርሃኑ አደብ ገዛ። እጄን ይባርከው፣ ከሻጩ ሳጥን በምን ያንሳል!

ተማሪዎቹን በተራ በተራ አነሳኋቸው። የፓውዛው ሙቀት እንፋሎት ነው፤ ሁሉም ያልባቸዋል፣ ወንድሜ ለስላሳ ያድላል። በእያንዳንዷ ጠርሙስ ወደኔ ዞሮ "አየሽ?" ይላል። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

መጨረሻ ላይ ልጄ ወጣች። ቀሚሱ ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ትከሻዋ ላይ በቀጭኑ ይያዛል። የራሴ ልጅ መሆኗን ለአፍታ ተጠራጠርኩ። አስቀምጬ አነሳኋት። እውነቱን ልናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። አንድ ጥላ የለበትም። በትልቁ አትሜ፣ ቀለሙ እንኳ ሳይደርቅ፣ ጥግ ወንበር ላይ ለተቀመጠው ባለቤቴ ሰጠሁት።

በሁለት እጁ ተቀበለ። አፍንጫው ድረስ አስጠጋው፣ አራቀው፣ እንደገና አስጠጋው።

"ቆንጆ ነሽ" አላት። "በጣም ቆንጆ ነሽ፣ ሚጣ። ፀጉርሽ ደግሞ..."

ፎቶውን የያዘው ገልብጦ ነበር። ፀጉሯ ወደ ታች፣ አገጯ ወደ ላይ።

ወንድሜ ወደ መሬት አየ። እኔ ልቅሶዬን ለመዋጥ ካሜራውን መጥረግ ጀመርኩ። ልጄ ፎቶውን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች፣ "አመሰግናለሁ አባዬ" አለችው። ከዚያ ቀጥ ብላ ሄዳ አንሶላውን ከገመዱ ጎትታ ጣለችው።

"አንቺ ልጅ! ምን ነካሽ?" ጮህኩ። "በዚህ መብራት ማንም አይነሳም! ሌባ ነው የምትመስዪው!"

ፓውዛው ፊት ቆመች። ብርሃኑ በአንድ ጎኗ እንደ ቢላ ወረደባት፤ ግንባሯ፣ የአፍንጫዋ አጥንት፣ የከንፈሯ ጠርዝ፣ ሁሉም ከጥቁሩ ተለይቶ ወጣ።

ባለቤቴ አንገቱን ቀና አደረገ። ማንም አልጠራውም።

"ማነው እዚያ የቆመው?" አለ።

አልተናገረችም። ተነሳ። ወንድሜ ሊደግፈው እጁን ሲዘረጋ ገፋው። ለካ ያ ምስኪን ዓይን የሚይዘው ብርሃንና ጥላ ሲጣሉ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሳስታርቅ ነው የዋልኩት። ሄዶ ፊቷ ቆመ። እንደ በፊቱ ወደ ድምፅ ጆሮውን አላዘነበለም፤ አያት። ከግንባሯ ጀምሮ ወደ ታች፣ መንገድ እንደሚያነብ ሾፌር፣ ሳይቸኩል።

"ይሄ ምንድነው?" አለ። አውራ ጣቱን ቅንድቧ ላይ አሳረፈ።

ጠባሳ ነው። ደረጃ ላይ ወድቃ የተሰፋችው። "ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል" ብላኝ ዝም ብዬ ነበር።

"ወድቄ ነው" አለች።

"መቼ?"

"አምና።"

"አምና" አለ። ጣቱ ከጠባሳው አልተነሳም። "አሞሽ ነበር?"

"ትንሽ።"

"አላየሁትማ" አለ፤ እንደ መውቀስ ሳይሆን፣ እንደ መቁጠር። "ሌላስ? ሌላ ያላየሁት ምን አለ?"

"ቁመቴ ጨምሯል።"

"እሱን አውቄዋለሁ። ድምፅሽ ከላይ መምጣት ከጀመረ ቆየ።"

ሳቀች፤ ስትስቅ ደግሞ ጥርሷን አየ፣ መሰለኝ፣ እሱም ሳቀ። ውጭ የሚወስዳት መኪና ጡሩንባ ነፋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ብርሃን ውስጥ አንዴም ሳትጨፍን ነው የቆመችው፤ ዓይኗ እንባ አወጣ፣ እንባውም ኩሏን ይዞ ጉንጯ ላይ ወረደ።

"ዓይንሽ ተቃጠለ እኮ" አልኩ፤ እጄ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ ነበር። "ላጥፋው?"

"ተይው" አሉኝ ሁለቱም።