ሲባጎው የቆመበት በር

ናይሮቢ፣ ሱቄ ባለበት በኢስሊ ገበያ፣ ስለ ጎረቤቴ ስለ ማማ ንጄሪ ያላማረርኩበት ሱቅ የለም። አራት ዓመት ሙሉ "ሁለት እርምጃ መሬት በላችኝ" እያልኩ ኖሬያለሁ። ካሳራኒ ሰፈር ያለውን ግቢያችንን ከሷ ግቢ የሚለየው የእሾህ ቁጥቋጦ ነው፤ እሱ ደግሞ በየክረምቱ ወደኔ የሚንፏቀቅ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀንማ ደሜ ፈልቶ መንገድ መሀል "ምዊዚ!" ብዬ ጮህኩባት። ናይሮቢ ውስጥ ሌባ ተብሎ የተጮኸበት ሰው ምን እንደሚደርስበት እያወቅኩ! ደግነቱ መንገዱ ላይ ሰው አልነበረም። እሷ ገብታ በሯን ዘጋች። "አየህ፣ የሸሸችው እውነት ስለሆነ ነው" አልኩት ባሌን።

ባለፈው እሑድ የድንጋይ አጥር ልናቆም ተነሳን። ግንበኛው ሰኞ ይመጣል፤ መሠረቱን ግን ራሳችን እንቆፍር አልኩ። ባሌ አብዱልፈታ፣ ታናሽ ወንድሙ አቡዘር፣ ልጃችን ኢንሳፍ፣ እኔም ቀሚሴን ሸብ አድርጌ። አብዱልፈታ ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ልክ አልነበረም።

"ኩለሱም፣ ቢቀርስ? ሽቦ ብንወጥርበትስ?" ይለኛል።

"አንተ ደግሞ! ገና ሳትጀምር ደከመህ?" አልኩትና አካፋ አስያዝኩት።

አቡዘር በመንገዱ በኩል የግቢውን በር ምሰሶ ጉድጓድ ሲቆፍር ዶማው ቋ! አለ። "ድንጋይ ነው፣ ፈንቅለህ አውጣው" አልኩ። ድንጋይ አልነበረም። አራት ማዕዘን ሲሚንቶ ነው፤ መሀሉ ላይ ብረት ቆሟል፣ ጎኑ ላይ ቁጥር ተጽፏል። ኢንሳፍ ጎንበስ ብላ አየችውና ስልኳ ላይ ያለውን የካርታችንን ፎቶ ከፈተች።

"ማሚ፣ ዌይት። ይሄ እኮ ቢኮን ነው። የወሰን ምልክታችን። ቁጥሩ ከካርታው ጋር ሴም ነው።"

"ምን ትቀባጥሪያለሽ? ወሰናችን እዚያ ቁጥቋጦው ጋ ነው!"

"ካርታው እንደዛ አይልም።"

ቢኮኑ ከቁጥቋጦው ሰባት እርምጃ ወደኛ ግቢ ገብቶ ነው ያለው። ሲባጎ አምጡ አልኩ። የጓሮው ቢኮን ሁሌም የሚታይ ስለሆነ በሱ ማንም አይከራከርም። አቡዘር አንዱን ጫፍ እዚህ አሰረ፣ ኢንሳፍ ሌላውን እየተረተረች ወደ ጓሮው ሄደች። ሲባጎው የሟች እናቴ ክፍል በር ላይ ደረሰና ቆመ። ወደፊት ለመሄድ ክፍሉን ሰንጥቆ ማለፍ ነበረበት። ደፉ የኛ ነው። የተኛችበት አልጋ፣ የሰገደችበት ጥግ፣ መስኮቷ፣ ሁሉም በማማ ንጄሪ መሬት ላይ ነው።

ያ አላህ! የድንጋዩ ክምር ላይ ዘጭ አልኩ። እናቴ የሞተችበት ክፍል ነው። በዚህ መስመር አጥር ካቆምን ይፈርሳል፤ በቁጥቋጦው ላይ ካቆምን ሌባዋ እኔ ነኝ። አቡዘርና ኢንሳፍ አፋቸውን ከፍተው ሲባጎውን ያያሉ። አብዱልፈታ ግን መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ያኔ ጠረጠርኩ።

"አንተ፣ ታውቅ ነበር?"

"ክፍሉን ስሠራው አላወቅኩም" አለ። "በእርምጃ ነው የለካሁት። ጣሪያው ካለቀ በኋላ ማማ ንጄሪ ወረቀቷን ይዛ መጣች። አፈርሰዋለሁ አልኳት። እናትሽ ከሞያሌ ልትመጣ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። 'አሮጊቷ ትግባበት፣ ተወው' አለችኝ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ 'እናቴን በሰው መሬት አላስተኛም' ብለሽ በዚያው ቀን ታፈርሺው ነበር።"

እውነቱን ነው፤ አፈርሰው ነበር። "ከሞተች በኋላስ?"

"ከሞተች በኋላ መሳደብ ጀመርሽ። በምን አፌ ልንገርሽ? ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃት 'ሐዘኑ ነው የሚያናግራት፣ ይወጣላታል' አለችኝ።"

አራት ዓመት! ወላሂ፣ ማማ ንጄሪ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሳሁ፣ እጄን ሳልታጠብ፣ ጭቃዬን እንደያዝኩ ሄጄ የማማ ንጄሪን በር አንኳኳሁ።

ከፈተችልኝ። አርጅታለች፤ አራት ዓመት ፊቷን ቀና ብዬ አላየሁትም ነበር። የኔ ስዋሂሊ የንግድ ነው፤ ለይቅርታ የሚሆን ቃል አልተማርኩበትም። "ሳማሃኒ፣ ሳማሃኒ" ብቻ እላለሁ። እንባዬ ሲቆም "ክፍሉ ነገ ይፈርሳል፣ መሬትሽን ትወስጃለሽ" አልኳት።

ደነገጠች። "ማን ነው የሚያፈርሰው?" አለች ኮስተር ብላ። "በኔ መሬት ላይ ያለ ቤት ያለ እኔ ፈቃድ አይፈርስም። አጥርሽን በክፍሉ ዙሪያ አዙሪው። ያቺን የእናትሽን መስኮት ግን ለምን በጣውላ መትተሽ ዘጋሻት?"

"መስኮቷን ምን ታደርጊያታለሽ?" አልኩ ግራ ገብቶኝ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ፣ አንቺ ሱቅ ስትውዪ፣ እናትሽ የምትጠራኝ በዚያች ነበር።" ከዚያ በአማርኛ፣ በእናቴ በራሷ ቅላጼ፣ "ንጄሪዬ፣ እንዴት ዋልሽልኝ?" አለች።

ያንን ድምፅ ከሰማሁ አራት ዓመቴ ነው። መስኮቷን የመታሁት እኔ ነኝ፤ እናቴ በተቀበረች በሳምንቱ፣ ይቺ ሴት ወደ ውስጥ እንዳታይብን ብዬ።

ሮጬ ተመለስኩ። መዶሻ ይዤ ወደ እናቴ ክፍል ገባሁና ጣውላዎቹን ከውስጥ በኩል መነቃቀል ጀመርኩ። አብዱልፈታ ሊያግዘኝ ሲመጣ "ተወኝ፣ እኔ ነኝ የመታሁት" አልኩት። የመጨረሻው ጣውላ ሲወድቅ ብርሃን ገባ። ከመስኮቷ ትይዩ፣ ልብ ብዬ አይቼው በማላውቀው የክፍሉ ጀርባ፣ ቁጥቋጦው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ያህል ተቆርጧል፤ ከመስኮቷ ሥር ዝናብ ያጠቆረው በርጩማ አለ። ማማ ንጄሪ በቀዳዳው ሾልካ መጣችና፣ በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠችበት።