አምስት ተኩል ጊጋ ማን በላው?

ሌባ ተብዬ አውቃለሁ። እኔ እንግዳወርቅ፣ አምቦ ውስጥ ስንቱን ኮምፒውተር ፈትቼ ስገጥም አንዲት ብሎን ያላስቀረሁ ሰው፣ በሽማግሌ ፊት ሌባ! እስቲ ፍረዱኝ።

ነገሩ የሆነው በሚሊኒየሙ ዓመት ነው። ጃርሶና እህቱ ጊፍቲ በአንድ ኮምፒውተር የሚሠሩበት የሠርግ ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፤ እሱ ይቀርጻል፣ እሷ ታቀናብራለች። ጉደር ላይ አንድ ሠርግ ቀረጸና እሷ የሙሽራዋን አጎት ንግግር ረዘመብኝ ብላ ሙሉውን ቆርጣ ጣለችው። አጎትየው ቤታቸው ድረስ መጥቶ ጮኸ። ከዚያ ወዲያ ወንድምና እህት ተኮራረፉ፤ ጠዋት እሱ ይገባል፣ ከሰዓት እሷ፣ ሰላምታ የለም። ጭራሽ አንዱ የሌላውን ሥራ ያጠፋል ተባለ። እናታቸው አዴ ሲንቄ ሲቸግራቸው ሽማግሌ ጠሩ።

ሽማግሌው ኦቦ ዋቅቶላ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወንድማማች መሬት በገመድ እየለኩ ሲያካፍሉ የኖሩ። ሁለቱንም ሰምተው፣ "ቤቱ አይከፈልም፤ ኮምፒውተሩ ይከፈል" ብለው ፈረዱ። እኔ ተጠራሁ። ኮምፒውተሩን ቫይረስ ጨርሶት ስለነበር ዊንዶውሱ እንደ አዲስ መጫኑ አይቀርም፤ እግረ መንገዴን ሃርድ ዲስኩን ለሁለት እከፍለዋለሁ፣ አንዱ ክፍል የእሱ፣ አንዱ የእሷ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ሄድኩ። ምን በወጣኝ!

ፊልማቸውን ሁሉ ይዤው ወደመጣሁት የራሴ ዲስክ ገልብጬ የዊንዶውሱን ሲዲ ከተትኩ። ሰማያዊው ገጽ መጣ። ኦቦ ዋቅቶላ ወንበራቸውን አስጠግተው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ ስክሪኑን እንደ ማሳ ያዩታል።

"ስፋቱ ስንት ነው?" አሉ።

"ሰማንያ ጊጋ" አለ ጃርሶ ቀድሞኝ። "ስገዛው ካርቶኑ ላይ አይቻለሁ።"

የድሮውን ክፍፍል አጠፋሁት። ስክሪኑ ባዶውን ቦታ ለክቶ አወጣ፤ ሰባ አራት ተኩል።

"አምስት ተኩሉስ?" አለች ጊፍቲ። ከተኮራረፉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድሟ ጋር ተያዩ። ቀጥለው ሁለቱም እኔን አዩኝ።

አስረዳሁ። ፋብሪካው በሺህ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ በሺህ ሃያ አራት፤ ዲስኩ ያው ዲስክ ነው፣ የጎደለ የለም አልኩ። ወረቀት ላይ አካፍዬ አሳየሁ። ኦቦ ዋቅቶላ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ፣ "ያ ጉርባ! አንተ ልጅ፣ ሁለት ገመድ ይዞ የሚመጣ ለኪ ስንቱን አይቻለሁ መሰለህ" አሉኝ። "የሚሸጥበት ሌላ፣ የሚያካፍልበት ሌላ።"

ደሜ ፈላ። "ጊጋ ተሰርቆ በኪስ ይያዛል እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። ጃርሶ አጠገቤ የተቀመጠውን የራሴን ዲስክ በአገጩ አሳየኝ። ወይ ጣጣ!

አምቦን ደግሞ ታውቋታላችሁ። ወሬው ሳይመሽ ገበያ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ከጎጆ ከተማም ሆነ ከወንጪ ኮምፒውተሩን ጭኖ ወደ እኔ የሚመጣ የለም። እንጀራዬ ነው። እውነቱን ተናግሬው አላዳነኝም። ስለዚህ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "ኦቦ፣ እሱማ መተላለፊያው ነው" አልኩ።

"የምን መተላለፊያ?"

"በሁለቱ መካከል ይተዋላ! አለዚያ አንዱ የሌላውን ረግጦ ሊያልፍ ነው?"

የሽማግሌው ፊት በራ። "ዹጋ!" አሉ መሬቱን በከዘራቸው መትተው። "እውነት ነው! ታዲያ ይህን መጀመሪያ አትናገርም? መተላለፊያ የሌለው ክፍፍል ምን ክፍፍል ነው!" ሠላሳ ሰባት ሠላሳ ሰባት አድርጌ አካፈልኳቸው። ተመረቅሁ፤ አምቦ ውኃም ተከፈተልኝ። እውነቱ ሌባ አሰኝቶኝ ውሸቱ ባለሙያ አሰኘኝ።

ክረምቱ እንዳለፈ አዴ ሲንቄ ሱቄ ድረስ መጡ።

"የኔ ልጅ፣ ደስ ይበልህ፤ ልጆቼ በአንድ ነገር ተስማሙ" አሉኝ። "ሐሮ ወንጪ፣ ሐይቁ ላይ ሄደን የተቀረጽነው ፊልም አለ አይደል? ሦስታችንም ጀልባ ላይ ነን፤ እኔ ፈርቼ እጮሃለሁ፣ እነሱ ይስቁብኛል።" ያ ፊልም ሁለቱም በየክፍላቸው እንዲቀመጥ ስላልፈለጉ እኔ ዲስክ ላይ ነበር የቀረው። "እንግዲያው መተላለፊያው ላይ ይቀመጥ አልኳቸው። ሁለቱም እሺ አሉ! አንድ ላይ እሺ ሲሉ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!" እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። "በል መተላለፊያውን ክፈትልን።"

የቱን መተላለፊያ ልክፈት? የለም ብል ሌባም ውሸታምም እኔ፤ እሳቸውም ያቺን እሺ ያጣሉ።

አቧራውን ላራግፍለት ብዬ ኮምፒውተሩን ወደ ሱቄ አመጣሁት። የክፍፍሉን ልክ የሚለውጥ ፕሮግራም አለ። በሱ ከጃርሶ ሦስት የማይሞላ ጊጋ ቀነስኩ፣ ከጊፍቲም ያንኑ፤ አምስት ተኩል የሆነች ሦስተኛ ክፍል ሠራሁ። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋ የሁለቱም ሥራ ድራሹ ይጠፋል፤ የአምቦ መብራት ደግሞ አመሉ ይታወቃል። ሲያበቃ ሸሚዜ በላብ ርሷል።

መልሼ ስከፍትላቸው ኦቦ ዋቅቶላም ተጠርተው ነበር። ሦስተኛዋን ክፍል ሲያዩ፣ "ይኸው! ይህን ጨዋ ልጅ ነው ሌባ ልትሉት የነበረው?" ብለው በልጆቹ ላይ ጮኹ። የሁለት ገመዱን ነገር እሳቸው ረስተውታል። ሳልሰርቅ ሌባ የተባልኩት ሰው፣ ሰርቄ ጨዋ ተባልኩ።

ፊልሙ ተከፈተ። አዴ ሲንቄ ጀልባው ላይ ይጮሃሉ። ጃርሶና ጊፍቲ አግዳሚው ላይ ዳርና ዳር ተቀምጠው ሳቁ፤ ሲያልቅ ግን ተመልሰው ተኮራረፉ።

ልወጣ ስል ጊፍቲ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

"የኔ ሠላሳ ሰባት ጊጋ ሠላሳ አራት ሆኗል" አለችኝ ቀስ ብላ። "ተወው፣ ይሁን። ለጃርሶ ብቻ እንዳትነግረው፤ ያሸነፈኝ ይመስለዋል።"

አስፋልቱን ሳልሻገር ጃርሶ ሮጦ ደረሰብኝ። ወደ ኋላው ገልመጥ አለና፣ "ከኔ ቀንሰሃል አይደል?" አለኝ።

"ግዴለም፣ እዚያው ይሁን" አለ። "ለጊፍቲ ግን አደራ እንዳትነግራት፤ የታረቅኳት ይመስላታል።"