በንቀት የተመለሰ ሳህን

ልጄ ናህላ ሳህኔን ከላይ ፎቅ ከጎረቤታችን ከዊዳድ ቤት ባዶውን ይዛ ወረደች። በእኛ እስክንድርያ የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም፤ ሌላው ቢቀር ሎሚ ጣል ይደረግበታል። ያውም ዓርብ ናህላን ለዊዳድ ልጅ ለማምዱህ ልናጭለት፣ የመተጫጨቱ ፋቲሃ ሊቀራ! በሩዝ የተሞላ የወይን ቅጠል ልኬላት ዊዳድ ባዶ ሳህን ትልካለች?

«በንቀት ነው የመለሰችው» አልኩት ባሌን።

ፋውዚ ከጋዜጣው ቀና እንኳን አላለም። «መመለሷን አየን። ንቀቱን ማን አየው?»

«አንተ ደግሞ! በችኮላ ነው እንዳልል ታጥቦ ተወልውሏል። በመርሳት ነው እንዳልል የቤት እመቤት ናት። ሌላ ምን ቀረ?»

ነገሩ አላስተኛኝም። ባለፈው ደረጃ ላይ ሰላም ስትለኝ ዓይኗ ጫማዬ ላይ ነበር። ማምዱህስ እኛ ቤት ሲመጣ ሻዩን ጀምሮ የተወው ለምንድን ነው? ሁሉም ተገጣጠመልኝ።

ጠዋት ወጥቼ በሯን ደበደብኩ። «ከናቅሽን ልጅሽን ለብጤሽ ዳሪው! ዓርብ የሚባል ነገር የለም!»

ዊዳድ ክው አለች፤ እንባዋ መጣ። «ኧረ በአላህ፣ የናህላ እናት! የጋገርኩትን ጣፋጭ ባስቡሳ ሞልቼ በእጄ ነው ለናህላ የሰጠኋት!»

«ውሸቱ ደግሞ!» ብዬ ጥያት ወረድኩ። ግን እንባዋ የውሸት አይመስልም ነበር። ደረጃው መሐል ላይ ስደርስ ጥርጣሬዬ ዞሮ ወደ ገዛ ቤቴ ገባ።

ናህላ ወጥ ቤት ነበረች።

«ባስቡሳው የት ሄደ?»

«ለዘበኛው ልጆች ሰጠሁት። ሳህኑን ያጠብኩትም እኔ ነኝ።» አላፈረችም።

«አብደሻል? ለምን?»

«ማምዱህን አልፈልገውም።»

«ታዲያ አፍ የለሽም? አትነግሪኝም?»

«ነግሬሻለሁ እማዬ። መጀመሪያ ስነግርሽ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር፤ ቢላዋውን እንኳን አላስቀመጥሽም። ኋላም ነገርኩሽ፣ ሳቅሽ። ሳህን ባዶውን ሲመጣ ግን ሕንጻውን አናወጥሽው።»

መሳቄ ትዝ አለኝ። አክስቷም ነበረች፤ አብረን ነው የሳቅነው። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ።

«የሳቅነው በንቀት እኮ አልነበረም» አልኳት።

«ነበር፣ እማዬ» አለች፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።