ረሃቡን ይዞ ሄደ

«ምስኪን፣ ረሃቡን ይዞ ሄደ!» አሉ አሮጊቷ።

ከበሩ አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። የቀረበላቸውን ሻይ አልነኩም፤ ፊት ለፊታቸው ያለችውን ሐዘንተኛ ከእግር እስከ ራሷ ይገላምጧታል። የተናገሩት ለጎረቤታቸው በሹክሹክታ ነበር። ግን የለቅሶ ቤት ዝምታ ነገር አይደብቅምና ሐዘንተኛዋ ቃል በቃል ሰማች።

ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ፣ ሰፈሩ «ጋሼ ቆጣሪ» የሚለው ሰው፣ እሁድ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ልቡ ቀጥ አለ። እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። «ቁርስህ ቀዘቀዘ እኮ!» ብላ ተቆጣችው፤ አልመለሰላትም። ለባሏ የተናገረችው የመጨረሻ ቃል ስለ ምግብ መሆኑ ሲያንገበግባት ሰንብቷል። አሁን ደግሞ የማታውቃቸው ሴት ቤቷ ድረስ መጥተው ተርቦ ሞተ ይላሉ።

ወደ ታናሽ እህቷ ጠጋ አለች።

«ማናቸው?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እታለም። ፀጉር አስተካካዩ ነው ደግፎ ያመጣቸው። ከድልድዩ ማዶ ናቸው አሉ።»

«የኔን ባል መጥገብና መራብ በምን አወቁ?»

እህቷ በነገር ላይ ነገር መደረብ የምትወድ ሴት ናት። ክፋት የለባትም፤ ዝም ማለት ብቻ አይሆንላትም። ግራ ቀኙን አየችና «አሮጊት ደግሞ ብቻዋን አትኖርም» አለች። «ልጅ ትኖራታለች።»

በዚህ ቃል ሐዘንተኛዋን ሐሙስ ትዝ አላት።

ጋሼ ቆጣሪ ሐሙስ ሐሙስ አምሽቶ ይገባ ነበር። ራት ስታቀርብ «ዛሬስ ሆዴ አልፈቀደም» ብሎ ሬዲዮውን ይከፍታል። መጀመሪያ ጨጓራ መስሏት መድኃኒት ገዛችለት፤ ሳያንገራግር ዋጠው። በኋላ ሸሚዙን ልታጥብ ስታነሳ የተቁላላ ሽንኩርት ሸተታት። የሌላ ሰው ቤት ሽንኩርት። ሽቶ ቢሆን ኖሮ አንገቱን ትይዘው ነበር። ግን ሽንኩርት ሸተትክ ተብሎ የተፋታ ባል ሰምታ አታውቅም፤ ስለዚህ ነገሩን ዋጠችው። አሥራ አንድ ዓመት ዋጠችው። ሰው ልብስ ሲሰፋ መርፌ በጥርሱ ይዞ እንደሚያወራው፣ እሷም ያንን ሐሙስ በጥርሷ ይዛ ስትስቅና ስትጫወት ኖረች።

በማግስቱ ረቡዕ ነው። ከጓዳ ሹክሹክታ ሰምታ ጆሮዋን ከበሩ አስጠጋች። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ፣ ፀጉር አስተካካዩና ልብስ አጣቢዋ ናቸው። ሦስቱም ባሏ ከሞተ ወዲህ ከቤቷ አልጠፉም፤ ውሃ ይቀዳሉ፣ ወንበር ይደረድራሉ፣ ብርጭቆ ያጥባሉ።

«ነገ ሐሙስ እኮ ነው» አለች ልብስ አጣቢዋ። «ማን ይሂድ?»

«እኔ አልችልም፤ ለቅሶ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ፣ ያውቁኛል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«እሱ ይል የነበረውን የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው» አለች ልብስ አጣቢዋ።

«እሺ እኔ እሞክራለሁ» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ብቻ እትዬ እንዳትሰማ። ከሰማች አለቀልን።»

በሩን ገፋችው። ዳቦ ጋጋሪው ታጥቦ የተደፋ ብርጭቆ አንስቶ እንደገና ማጠብ ጀመረ። ልብስ አጣቢዋ ስለ ስኳር ጠየቀቻት። ፀጉር አስተካካዩ ግድግዳውን አየ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል ማለት ነው። ውሽማውን ያውቃሉ፣ ቀኑን ያውቃሉ፣ አሁን ደግሞ ወደ እሷ የሚሄድ መልእክተኛ እየመደቡ ነው። ደግነታቸው ሁሉ መረራት። ይህን ሁሉ ብርጭቆ የሚያጥቡት ነውር አብረው ሊያጥቡ ነው?

ያን ቀን ሙሉ ሞቶባት ሳይሆን ተከድታ አለቀሰች። ሰው ግን ልዩነቱን አላወቀም፤ «አይዞሽ» እያለ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋታል።

እንደዚያም ሆኖ ባሏ በሐሳቧ ሲመጣ የሚመጣው ደግ ሆኖ ነው፤ ይሄ ነው ያበሳጫት። አንድ ማታ ራት ላይ ጉርሻው አፉ ውስጥ ሳለ ቆም ብሎ «የዚያ የመምህሩ ቆጣሪ አልተነቃነቀም» አላት። ጡረታ የወጣ መምህር ነበር።

«ሰውየው ውሃ ቢቆጥብ አንተን ምን አገባህ?»

«ቁጠባ አይደለም። ሰው ሲከፋው መጀመሪያ የሚተወው ድስት ማጠብ ነው፤ ቀጥሎ ፊቱን።»

ይህን ብሎ ምግቡን ትቶ ወጣ። ወዴት እንደሄደ አልጠየቀችውም። ዳቦ ጋጋሪው ጋ ወሬ ሊጠርቅ ነው ብላ ሳህኑን ከደነችለት።

ሐሙስ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዳቦ ጋጋሪው ሽርጡን ፈታ፣ ያረጀ ኮት ደረበና ባዶ እጁን ወጣ። ሐዘንተኛዋ ተነሳች።

«የት ነው?» አለች እህቷ።

«አየር ልቀበል።»

«ሐዘንተኛ አየር ይቀበላል እንዴ? ሰው ምን ይላል!»

«ያለውን ብሏል» አለችና ሻሿን እስከ ግንባሯ ስባ ተከተለችው።

ድልድዩን ተሻገረ፤ ተሻገረች። በእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ አልፎ አንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር አንኳኳ። እሷ የስልክ ምሰሶ ተከልላ ቆመች።  በሩ ሲከፈት የምታያትን ሴት በሐሳቧ ስንት ጊዜ ስለሳለቻት ልብሷን ሳይቀር ታውቀዋለች፤ አበባ ያለበት ቀሚስ፣ ወገቡ ላይ የተጣበቀ።

በሩን የከፈቱት ከዘራ የተመረኮዙት እኚያው አሮጊት ናቸው።

ዳቦ ጋጋሪው ትከሻውን ሰበር አድርጎ «እናቴ፣ ራበኝ» አለ።

አሮጊቷ ፊቱን አተኩረው አዩት። «ቅንድብህ ላይ ዱቄት ይዘህ ራበኝ ትለኛለህ? አንተ ያ ዳቦ ጋጋሪ አይደለህም? ሂድና ዳቦህን ብላ! ማን ላከህ? ያቺ ባሏን በረሃብ የጨረሰችው ናት?»

በሩ ድርግም አለ። ዳቦ ጋጋሪው ቅንድቡን በመዳፉ እየጠረገ ሲዞር ከሐዘንተኛዋ ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጠ።

«እትዬ!»

«ልጅቷ የት አለች?»

«የቷ ልጅ?»

«የአሮጊቷ ልጅ! ሐሙስ ሐሙስ ባሌ የሚመጣላት!»

ዳቦ ጋጋሪው አፉን ከፍቶ ቀረ። «ልጃቸው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ከሷ በቀር ማንም አልነበራቸውም።»

እዚያው ምሰሶው ሥር ነገራት። ልጃቸውን ከቀበሩ በኋላ የአሮጊቷ ቆጣሪ ሁለት ወር ከአንድ ቁጥር ላይ አልተነቃነቀም። ጋሼ ቆጣሪ ሰፈሩን ቀስቅሶ ምግብ አስወሰደ። አሮጊቷ «ለማኝ አደረጋችሁኝ?» ብለው ሾርባውን በፀጉር አስተካካዩ ጫማ ላይ ደፉት።

«ከዚያ ጋሼ ሐሙስ ቀን ከሥራ ሲወጣ ብቻውን መጥቶ አንኳኳ። እናቴ ራበኝ፣ ሚስቴ አታበስልልኝም አላቸው። እሳት አነደዱ። ለሱ ብለው ሠሩ፣ ከሱ ጋር በሉ። የተረፈው እስከ እሁድ ያደርሳቸዋል፤ ከዚያ ደግሞ ሐሙስ ይመጣል ብለው ገበያ ይወጣሉ።»

«አታበስልልኝም አለ? እኔን?»

«አዎ።» ዳቦ ጋጋሪው አመነታ። «አንዳንዴማ ድስቱን ትደብቃለች ብሏቸዋል።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ምሰሶውን ያዘች። ይሄ ሰው! ሌላ ሴት ይዞ ቢሆን ኖሮ ለመጥላት ይቀላት ነበር።

«ለኔ ምን አለ ቢነግረኝ?»

«ስምሽን አጥፍቶ በየት አፉ ይንገርሽ? ደግሞም ሕጋችን ነው፤ አናወራም። የሚሰጥ ሰው ካላወራ አይሆንለትም፤ የሚለምን ግን አፍሮ ዝም ይላል፣ ስለዚህ ለምኑ ይለን ነበር። አሥራ አራት ነን። ፀጉር አስተካካዩ ሰኞ ሰኞ መምህሩ ጋ ደብዳቤ አንብቡልኝ ብሎ ይሄዳል።»

«ፀጉር አስተካካዩ እኮ ማንበብ ይችላል።»

«ጋዜጣ ይችላል። ደብዳቤ አይችልም» አለ ዳቦ ጋጋሪው ኮስተር ብሎ።

ድንገት ሌላ ጥርጣሬ ገባት። «ለኔስ? ለኔ ማንን መደባችሁ?»

መሬት መሬት አየ። «ከሚመጣው ሳምንት ጀምሮ ፀጉር አስተካካዩ ሱሪ አሳጥሪልኝ ብሎ ይመጣል።»

«ሱሪው እኮ አጭር ነው!»

«ብለነዋል፣ እትዬ። እምቢ አለ።»

ዞር ብላ ሰማያዊውን በር አየችው። ከበሩ ጎን ግድግዳው ላይ ቆጣሪው ተተክሏል፤ መስታወቱ ላይ ባሏ በጣቱ የጠረገው ክብ ንጹሕ ቦታ አለ።

«ከትናንት ጀምሮ አልተነቃነቀም» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «አሥራ አራታችንንም በመልክ ያውቁናል። አሁን የሚያምኑት የተራበ ሰው ከየት እናምጣ?»

እሷ ግን ስለ ስሟ ነበር የምታስበው። «ገብቼ እነግራቸዋለሁ» አለች። «አንድም ቀን ጦሙን አላደረም። ሃያ ስድስት ዓመት አብስያለሁ!»

«ውሸቱን መሆኑን ካወቁ የታዘነላቸው መሆኑንም ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ እሳት አያነዱም።»

«እኔስ? ባሏን አስርባ የገደለች ተብዬ ልኑር?»

 ሄዳ በሩን አንኳኳች።

አሮጊቷ በሩን ሲከፍቱ ከንፈራቸው ደርቋል።  ከኋላቸው ምድጃው አመዱ ተጠርጎ፣ ድስቱ ተደፍቶ ይታያል።

«ደግሞ ምን ቀረሽ?»

ያዘጋጀችው ንግግር ምላሷ ላይ ነበር። እያንዳንዱን ራት ልትቆጥርላቸው ትችል ነበር። አሮጊቷን አየች፣ ምድጃውን አየች።

«እማማ» አለች፣ «እውነትዎን ነው። አብስዬለት አላውቅም።»

ይህን ስትል ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። ቀጠለች። «አሁን ደግሞ እኔን ራበኝ።»

ይኼኛው ውሸት አልነበረም። ከእሁድ ወዲህ ከሻይ በቀር በጉሮሮዋ የወረደ ነገር የለም። አሮጊቷ አገጯን ይዘው ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞሩና እንደ ጠርጣራ ሐኪም መረመሯት።

«አታፍሪም?»

«አፍሬያለሁ።»

«ግቢና እጅሽን ታጠቢ።»

እሳቱ ተያያዘ። አሮጊቷ ሽንኩርት እየከተፉ ሰደቧት፣ ምስር እየለቀሙ ሰደቧት፣ ክዳኑን ከፍተው ሲያማስሉም ሰደቧት። «አየሽ? እንዲህ ነው የሚቁላላው። ይሄ አቅቶሽ ነው?» እሷ አዎ አቅቶኝ ነው እያለች እንጨት ታቀብላለች።

«እሱ እቴ ሞኝ ነበር» አሉ አሮጊቷ እንፋሎቱን በእጃቸው እየገፉ። «ሆዱ ባዶ ሆኖ እንኳ ያመሰግንሽ ነበር። እጇ ለድስት አይሁን እንጂ ለመርፌ ወርቅ ነው ይለኛል። ኮሌታውን ገልብጦ ስፌትሽን ያሳየኛል። እዩት፣ እናቴ፣ መጋጠሚያው አይታይም ይላል። በየሳምንቱ ኮሌታ ሳይ ኖርኩ።»

ሐዘንተኛዋ እንጨቱን ከመሬት አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው። 

ሾርባው ቀረበ። አንድ ማንኪያ ጎረሰች፤ ጨው ነው። ምላስ የሚልጥ፣ ዓይን የሚያስጨፍን ጨው። የአሮጊቷ ምላስ ጣዕም መለየት ከተወ ስንት ዓመቱ ይሆን? ባሏ ደግሞ ቤቷ ውስጥ ጨው ትንሽ ከፍ ካለ ሳህኑን በጣቱ ገፋ የሚያደርግ ሰው ነበር።

አሮጊቷ የራሳቸውን ማንኪያ አንጠልጥለው አፏን አፏን ያያሉ። «እ? እንዴት ነው?»

ዋጠችው። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ አላበሰችውም። ሳህኑ እስኪራቆት በላች፣ ጠርዙን በዳቦ ጠረገችና በሁለት እጇ ወደ አሮጊቷ ዘረጋችው።

«ይጨምሩልኝ» አለች።