የካዛንቺሱ ቀይ ወይን

ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለው መንደር፣ የጋሽ ፀሃዬ ግቢ የሚታወቀው በወይኑ ነበር። ሐረጉን የተከለው ጣሊያን ነው ይባላል፤ ማን እንደሆነ ግን የሚያስታውስ የለም። ፍሬው ደቃቃ ቀይ ነው፤ ቆዳው ከመሳሳቱ የተነሳ ጣት ጠበቅ ሲያደርገው ይፈርጣል፤ ዝናብ ከነካው ደግሞ በማግስቱ ይሻግታል። «ይሄ ወይን እንደ አራስ ነው፤ ብርድም ሰውም ይፈራል» ይሉ ነበር ጋሽ ፀሃዬ።

በየዓመቱ ጥር ላይ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ማሚት ጋር ለቅመው፣ ጨምቀው፣ በጋን ይጥሉታል። ለፋሲካ ሲከፈት ጋሽ ፀሃዬ ጋኑ ላይ ጎንበስ ብለው አንዴ በረጅሙ ያሸታሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ማሚትዬ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላሉ። ልጃቸው የሺሃረግ ይህን እያየች ነው ያደገችው።

እናቷ ሲሞቱ ጋኑ የእሷ ሆነ። አባቷ አሁንም ያሸታሉ። «ደህና ነው» ብለው ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ። የሺሃረግ ልጆች ወልዳለች፣ ፀጉሯ ጣል ጣል አድርጎ ሸብቷል፤ ያቺን ምርቃት ግን እንደ ሕፃን ትጠብቃለች።

በዘጠና ስድስት ክረምት ጋሽ ፀሃዬን ኃይለኛ ጉንፋን ጣላቸው። መስከረም ሲጠባ ተነሱ፤ የዳኑ መሰለ።

ጥር ላይ አንድ እሁድ፣ አባትና ልጅ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ ሰማዩ ያለ ወቅቱ በእንጦጦ በኩል ጠቁሮ ነበር። የሺሃረግ ከሐረጉ አንድ ፍሬ ቀጥፋ ቀመሰች። ማር ነው።

«አባባ፣ ደርሷል። ዝናቡ ሳይቀድመን ዛሬውኑ እንልቀመው።»

እሳቸውም ከዚያው ዘለላ አንድ አነሱና አላመጡት።

«ገና ነው። ምንም ጣዕም የለውም። ሳምንት ይቆይ።»

ሌላ ፍሬ አፏ ውስጥ ጨመረች። ያው ማር ነው። ቀና ብላ አየቻቸው። ባለፈው ሰሞን ወጡ አርሮ ሽታው ቤቱን ሲያፍነው፣ እሳቸው አጠገቡ ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ያገኘቻቸው ትዝ አላት። ያን ዕለት ሐሳብ ይዟቸው መስሏት ነበር።

 ቅርጫትና መቀስ ይዛ መሰላሉ ላይ ወጣች።

«ይቆይ አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ፀሃዬ።

«ብለውኛል፣ አባባ።»

አባቷ ቤት ገብተው በሩን ዘጉት። ጎረቤታቸው ሱሌማን መሰላሉን ሊይዝላት ከሱቁ መጣ፤ እሱ ወይን ጠጅ አይጠጣም፣ ፍሬውን ግን እንደ እሱ የሚወደው የለም። የመጨረሻውን ዘለላ ሲያወርዱ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ቅጠሉ ተቦጫጨቀ። ሐረጉ ላይ አንድ ፍሬ ቢገኝ ኖሮ አይተርፍም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ ጋሽ ፀሃዬ ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። የሺሃረግ ፍሬውን ከእንጨቱ እየለየች ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አባባ?»

ምኑ ብለው አልጠየቁም። «ከጉንፋኑ ወዲህ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል ስል…»

«ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» አጠገቧ ዱካ ላይ ተቀመጡ። «እናትሽ ከሞተች ወዲህ ጋቢዋን ከሳጥን እያወጣሁ አሸት ነበር። ጠረኗ አልጠፋም ነበር እኮ። አሁን ጨርቅ ሆነብኝ። ባዶ ጨርቅ።»

የሺሃረግ እጇ በወይኑ እንደ ቀላ ጉልበታቸውን ያዘች። አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም፤ ያን ዕለትም ፊታቸውን አዞሩባት።

ፋሲካ ደረሰ፤ ጋኑ ተከፈተ። ከላንቻ የመጡት ዘመዶች ሳይቀሩ ብርጭቆውን አስቀምጠው ተያዩ። እንዲህ ያለ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም። የሺሃረግ ለአባቷ ቀዳችላቸው።  ጋሽ ፀሃዬ ጎንበስ አሉ፣ ብዙ ቆዩ፣ ቀና አሉ።

«እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር። ልቧ ግን አልረካበትም። ጠጋ ብላ በጆሯቸው፣ «ሳይሸትዎ አይመርቁኝ፣ አባባ» አለቻቸው።

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ።»

ጠረን በቃል ተናግራ አታውቅም። ዓይኗን ጨፈነች። «መጀመሪያ ላይ እንጆሪ ይመስላል። ከሥሩ ደግሞ ውኃ የነካው አዲስ ሸክላ አለ…»

«ሌላስ?»

«ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጽጌረዳ። የረገፈ።»

ጋሽ ፀሃዬ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው ስለ ዘመድ እንደሚያወራላቸው ሆነው አዳመጧት።

አፍንጫቸው ከዚያ በኋላም አልተመለሰም። በየዓመቱ እሷ ትለቅማለች፣ ትጥላለች፣ ትነግራቸዋለች። ብቻዋን ጋኑን ከፍታ ያ ጠረን ሽው ሲላት ግን፣ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ አብሯት የሚያሸት ሰው ትናፍቃለች፤ አባቷ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀምጠው ሳለ።