የአንድ ፊደል ጣጣ

ሲስተር ለተጊዮርጊስ ከአሥር ጀምራ ወደ ኋላ እየቆጠረች አራት ላይ ስትደርስ በሩ ተበረገደ። ውባንቺ ነጠላዋ ከትከሻዋ ተንሸራቶ፣ አንድ እጇን አንገቷ ላይ ካለው መስቀል ላይ ጭና ክፍሉ መሃል ቆማለች። ወንበሩ ላይ ዓይኗን ጨፍና የተቀመጠችውን የወንድሟን ልጅ ክንዷን ይዛ አስነሳቻት።

"ተነሽ፤ የአምላክን ስም እየጠራሽ ተነሽ" አለቻት።

ሠርካለም ዓይኗን ገለጠች። አልተኛችም ነበር። ሁሉንም ትሰማ ነበር፤ ውጭ የሚያናፋውን አህያ፣ የመድኃኒት ወረፋውን ጭቅጭቅ፣ አክስቷ በር ላይ ሆና የምታንጎራጉረውን ሳይቀር። ደህና ነኝ እትዬ ልትል ፈለገች። ነገር ግን ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት በሽተኞች በተከፈተው በር አንገታቸውን አስግገው ያዩዋት ነበርና ጉሮሮዋ እንደ ልማዱ ተዘጋ። አክስቷን ተከተለች።

ሲስተር ለተጊዮርጊስ በሩ ድረስ ብቻ ሸኘቻቸው። ልጅቱ በእግሯ እንደመጣች በእግሯ ትሂድ፣ አትጎትቻት ብላ ነበር፤ ውባንቺ ግን አልሰማቻትም። መስማት የምትፈልገውን ቀድማ ሰምታለች።

ጣጣው የመጣው በአንድ ፊደል ነው። ሲስተር የዚያን ዕለት ሕክምናውን ከመጀመሯ በፊት ስታስረዳ "ፍርሃትሽን አደነዝዘዋለሁ" ብላ ነበር። ጥርስ ሲነቀል ድዱ በመርፌ እንደሚደነዝዝ ማለቷ ነው። የክፍሉ በር ኮምፔርሳቶ ነው፤ ድምፅ ያሳልፋል፣ ግን አበላሽቶ ያሳልፋል። ከውጭ ጆሮዋን የለጠፈችው ውባንቺ ደግሞ አፏን የፈታችው በኽምጥኛ ነው፤ አማርኛውን የለመደችው ገበያ ላይ ዋጋ ስትከራከር ነው። እሷ የሰማችው "አደነግዘዋለሁ" የሚል ነበር። አፍዝ አደንግዝ ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ሰውን አፍዝዞ ያለውን ሁሉ በገዛ እጁ እንዲያስረክብ የሚያደርግ መተት ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ያውም በኽምጥኛ፣ ውባንቺ አንድም ሳያመልጣት። ሲስተር ራሷ ኽምጥኛ የሚነገርበት የደሃና አገር ልጅ ስለሆነች ሰው ቶሎ የሚረጋጋው በእናቱ ቋንቋ ነው ብላ ነው በዚያ የምትቆጥረው። ውባንቺ ግን ጸሎት ገልብጦ የሚደግም ማን እንደሆነ ይታወቃል፣ ቁጥር ገልብጦ የሚቆጥርስ ከዚያ በምን ይለያል አለች መጀመሪያ ላገኘቻት ጎረቤት። ጎረቤቲቱም ለብቻዋ አላስቀረችውም። ዘመኑ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰቆጣ ውስጥ ወሬ ለማድረስ ስልክ አያስፈልግም።

ሠርካለም በከተማው ስሟ የሚነሳው በጨዋነት ነው። ቀና ብላ ሰው አታይም። ለቅሶ ቤት ስትሄድ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ከሰው ፊት እህል አትቀምስም፣ ካልጠየቋት አትናገርም፣ ቢጠይቋትም ራሷን ነቅንቃ ታልፋለች። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ሲቆጡ "ምናለ እንደ ሠርካለም ብትሆኚ" ይላሉ። ይህች ጨዋ ከሰው ፊት እህል የማትቀምሰው እጇ ስለሚንቀጠቀጥ መሆኑን ግን ማንም አልጠየቀም። ሰው እያያት ብርጭቆ ማንሳት ለእሷ ገደል አፋፍ ላይ እንደ መሄድ ነው።

መምህራን ማሰልጠኛ ገብታ ነበር። ወረቀት ላይ የሚቀድማት አልነበረም። የማስተማር ልምምዱ ሲደርስ ግን ጠመኔ ይዛ ተማሪዎቹ ፊት ቆመች፤ ተቆጣጣሪው መምህር ከኋላ ተቀምጧል፤ "እንደምን አደራችሁ" የሚለው ቃል ከደረቷ ተነሥቶ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። ልጆቹ ጠበቁ። አንዱ ሳቀ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣችና ሻንጣዋን ሸክፋ በጭነት መኪና ሰቆጣ ገባች። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በውባንቺ የልብስ ስፌት ቤት፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ለራሷ የተረፋት ነገር ቢኖር ሌሎች መምህራን የሚያስተምሯቸውን ልጆች ማልበስ ነው። ማሰልጠኛው ለአንድ ጊዜ ብቻ ይቅር ብሏታል፤ በመጪው መስከረም ተመልሳ ልምምዱን ካልጨረሰች ነገሩ አብቅቷል።

ሲስተርን ያገኘቻት ለቅሶ ቤት ልቧ እንደ ከበሮ መትቶባት የልብ ሕመም መስሏቸው ጤና ጣቢያ ሲወስዷት ነው። ለተጊዮርጊስ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። አዲስ አበባ ሄዳ ሂፕኖሲስ የሚባለውን፣ ሰውን በቃል አረጋግቶ የማከም ዘዴ፣ ሠልጥና የተመለሰች ሰሞን ነበር። ልቧን አዳመጠቻትና፣ "ልብሽ ከኔ ልብ ይሻላል። የምትፈሪው ሰውን ነው። ይህ ደግሞ ጨዋነት አይደለም፤ በሽታ ነው፣ ይታከማል" አለቻት። ሠርካለም እዚያው አለቀሰች። በሽታ መሆኑን የነገራት የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ነበረች፤ በሽታ ከሆነ ደግሞ ይለቃል።

ሕክምናው ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ዓይኗን ጨፍና፣ እግሯ መሬቱን ሲነካ እየተሰማት፣ በሐሳቧ ወደዚያ የመማሪያ ክፍል ተመልሳ ገብታ ነበር። እንደምን አደራችሁ ብላቸው ልጆቹ ሲመልሱላት ነው አክስቷ የደረሰችው።

አጎቷ የሻምበል በዚያው ቀን ወደ ማታ ስፌት ቤቱ መጣ። የአባቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ አባቷ ከሞተ ወዲህ የቤተ ዘመዱ አፍ እሱ ነው። መጋረጃውን ገልጦ ገባና ጉዳዩን ጨርሶ የመጣ መሆኑን ነገራት። እሑድ ቄስ ገብረ አምላክ የነፍስ አባታቸው ባሉበት ሽማግሌ ይቀመጣል። ሰኞ ሽማግሌዎቹ ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ ሄደው ያቺን ሴትዮ ከሰቆጣ ያስነሷታል። እሷ እንድትናገር አትገደድም፤ የሚናገረው እሱ ነው። "አደንግዛሻለች አይደል?" አላት። ሠርካለም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

ያንን ራሷን ቆርጣ ብትጥለው በወደደች። አጎቷ እንደ ወጣ ማሽኑን መርገጥ ጀመረች፤ ኮሌታውን ገልብጣ ሰፋችው፣ ተረተረችው፣ እንደገና ገልብጣ ሰፋችው። ራሷን ስትነቀንቅ ያመነችው ነገር አልነበረም። ልማድ ነው፤ ሰው ቶሎ እንዲሄድላት ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች። አሁን ግን በአንድ ንቅናቄ አንዲት ሴት ከሥራዋ ልትነሳ፣ የራሷም መስከረም አብሮ ሊሄድ ነው።

ቅዳሜ በጓሮ በኩል ሲስተር ቤት ሄዳ ያደረገችውን ነገረቻት። ለተጊዮርጊስ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እጇን ከአረፋው አላወጣችም።

"ለኔ ብለሽ አትናገሪ" አለቻት። "ከተናገርሽ መንፈስ አስገባችባት ይላሉ። ዝም ካልሽ ምላሷን አሰረችው ይላሉ። እኔን ቢያዛውሩኝ ሌላ ቦታ ሠርቼ እበላለሁ። አንቺ ግን የምትኖሪው ከራስሽ ጋር ነው።"

እንዲህ ያለ ወጥመድ ለቆቅ እንኳ አይጠመድም። ሠርካለም ወደ ቤቷ ስትመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍርሃቷ ጎን ሌላ ነገር ተሰማት። ተናዳለች። ንዴቱ አስደሰታት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የውባንቺ ቤት ሞላ። ቄስ ገብረ አምላክ ከመደቡ ላይ፣ ሁለቱ የሰፈር ሽማግሌዎች ከአጠገባቸው፣ በሩ አካባቢ ደግሞ ወሬውን ቀድመው የሰሙ ሴቶች ተቀመጡ። ሠርካለም ከሴቶቹ ፊት በርጩማ ላይ ናት። ጠላው ተቀድቶ አንድ ዙር ከሄደ በኋላ የሻምበል ተነሣ።

"አባቴ፣ ይህችን ልጅ ያውቋታል" አለ። "ከመሃላችን ድምፅዋን የሰማ አለ? የለም። እንዲህ ያለችውን የጨዋ ልጅ ነው ያቺ ሴትዮ በር ዘግታ ያደነገዘቻት። እህቴ በጆሮዋ ሰምታለች። ልጅቱም አርብ ዕለት አምናልኛለች። ይኸው ዛሬም ዝም እንዳለች ናት። ዝምታዋ ቃሏ ነው።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ዝም አይነቅዝም አሉ፣ ለሠርካለም አዝነው። ሌላው ደግሞ ብትናገርም የተናገረችው እሷ ለመሆኗ ማስረጃ የለንም አሉ። ስለዚህ ብትናገርም ባትናገርም ያው ነው፤ ነገሩ ያለ እሷ ሊያልቅ ነበር። ቄስ ገብረ አምላክ ግን ዋንጫቸውን አስቀመጡ። የሰው ስም የሚነሳበት ነገር ነው፣ የልጅቱን ቃል ሳልሰማ ማንንም ወደ ኃላፊ አልልክም አሉና ወደ እሷ ዞሩ።

"ልጄ፣ አደንግዛሻለች?"

ሠርካለም ተነሣች። ቤቱ በሙሉ አያት። ጆሮዋ ጮኸ፣ አፏ ደረቀ፣ ፊቷ ነደደ። በልቧ ወደ ኋላ መቁጠር ጀመረች፤ ስምንት ላይ ቁጥሩ ጠፋት። ሦስት ቀን ታክሞ የዳነ ሰው የለም፣ እሷም አልዳነችም። የቀራት ያ ንዴት ብቻ ነበር።

"አ… አላደነገዘችኝም" አለች። ድምፅዋ ቀጭንና ሻካራ ነበር። አጠገቧ ያለችው ሴት ጎንበስ አለች ልትሰማ።

የሻምበል አትጨነቂ፣ ይበቃል፣ ተቀመጪ አላት በአዛኝ ድምፅ። አዛኝነቱ ባይኖር ምናልባት በተቀመጠች።

"አላደነገዘችኝም አባቴ። ዓይኔን ጨፍኜ ሁሉንም እሰማ ነበር። አርብ ራሴን የነቀነቅሁት ስለ ፈራሁ ነው፤ ቃል አይደለም።" ተነፈሰች። "ጨዋ ትሉኛላችሁ። ጨዋ አይደለሁም፣ ፈሪ ነኝ። ፍርሃቴን ወደዳችሁልኝ። ሁለት ዓመት ከዚያ መጋረጃ ጀርባ ስደነግዝ አንድ ሽማግሌ አልተቀመጠልኝም። ልናገር ብዬ ስታከም ነው ጉባኤ የተጠራው።"

ውባንቺ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደያዘች ቀረች። የሻምበል ግን ይህን ሲጠብቅ የነበረ ይመስል እጁን ዘረጋ።

"ሰማችሁ? ይህች የሠርካለም ምላስ ናት? ያስገባችባት ነገር ነው የሚለፈልፈው።"

ሠርካለም ቀኝ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አውጥታ ዘረጋችው። ሁልጊዜ የምትደብቀው እጅ ነው። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

"አያ የሻምበል፣ ይዩት። መንፈስ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይንቀጠቀጣል? መንፈስ እናንተን ምን ብሎ ይፈራል?"

በሩ አካባቢ አንዷ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። ቄስ ገብረ አምላክ የዘረጋችውን እጅ ትንሽ አዩትና፣ ስትቆጥር የማንን ስም ትጠራ ነበር ብለው ጠየቁ። የማንንም አለች፤ ከአሥር እስከ አንድ ብቻ፣ በእኛው ቋንቋ። ደግሞም "አደነዝዘዋለሁ" ነው ያለችው፣ እትዬ የሰማችው በኮምፔርሳቶ በኩል ነው አለች። ውባንቺ ቃሉን በከንፈሯ ሞከረችው፣ አንዴ በዝ፣ አንዴ በግ፤ ሁለቱ ለእሷ ምላስ የተቀራረቡ ነበሩ። ፊቷ ቀላ። ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች።

"እንግዲህ ያለ ልጅቱ ቃል ክስ የለም" አሉ ቄስ ገብረ አምላክ።

የሻምበል ቤተ ዘመዱ ፊት ባዶ እጁን ሊቀር ነው። ድምፁን አለዘበ፤ ልጅ ናት አባቴ፣ ተደናግጣለች፣ የተናገረችው ሌላ ልትል የፈለገችው ሌላ ነው አለ። ይህን ዓይነት ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ አፍህን መዝጋት ሲያቅተው ከአፍህ የወጣውን ይተረጉምልሃል።

"ተቀመጪ አንቺ" አላት። "ምን ለማለት እንደ ፈለገች እኔ ላስረዳ።"

ሽማግሌዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። ቄሱም ሳይቀሩ ሊሰሙት ጆሯቸውን አዘነበሉ። የሠርካለም ላብ በጀርባዋ ይወርዳል። በዚያች ሰዓት በዓለም ላይ ከሁሉ የምትፈልገው መቀመጥ ነበር፤ በርጩማው ከኋላዋ፣ ተረከዟን ነክቶ ነው ያለው። ብትቀመጥ ነገሩ ተመልሶ ከራሷ በላይ ይሄዳል፣ ወንዶቹ ይነጋገሩታል፣ ሰኞ ይደርሳል።

ጎንበስ ብላ በርጩማውን አነሣችው። ክፍሉን አቋርጣ ወስዳ ከአጎቷ እግር ሥር አስቀመጠችለት።

"እርስዎ ይቀመጡ አያ የሻምበል" አለች። "እኔ ገና አልጨረስሁም።"