ለእንግዳ የተለሰነ ቤት

ጎባ አርጅታለች የሚለኝን ሰው አልጣላም። አስቀያሚ ናት የሚለኝን ግን፣ በቃሪያ ጥፊ ባላጮለው እንኳ በምላሴ አልምረውም። ተወልጄ ያደግሁትም፣ ደብተርና እስክርቢቶ እየሸጥሁ ልጆቼን ለወግ ያበቃሁትም እዚሁ ነው። ኪሩቤል የሚባል የአሮጌ ሕንፃ ባለሙያ ከአዲስ አበባ እንደሚመጣ ሲሰማ ጎረቤቶቼ፣ ሐመልማል ምላስ አላት፣ እሷ ታዙረው አሉ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። በመጋዝ ሰፈር በኩል ሰፊ መንገድ ሊወጣ ነው። በቅርስነት የተመዘገበ ቤት አይነካም፤ ያልተመዘገበ ይፈርሳል። ከሰፈሩ ቤቶች ተስፋ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ የእማማ እኅተማርያም ቤት። እሱ ከፈረሰ በዚያ እርጅናቸው የሰው ጓዳ መግባታቸው ነው። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፣ ያላቸው ቤቱ ነው።

ዕቃ ልገዛ ሻሸመኔ ሰንብቼ ነበርና ኪሩቤልን ሮቤ ላይ ተቀብዬው አብረን በሚኒባስ ወደ ጎባ ወጣን። ጨዋ ልጅ ነው፤ ካሜራውን እንደ ሕፃን አቅፎ ይሄዳል። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረች ጊዜ የተሠሩትን ቤቶች አሳየሁት። የአንዱ መስኮት በቆርቆሮ ተደፍኗል፤ የሌላው ደረጃ ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ሹሙም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ገበያተኛውም ወደ ሮቤ ሲወርድ ለእኛ የተረፈን ብርዱ ነው አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ወደ መጋዝ ቤቱ ወሰድሁት። በደጉ ዘመን ጠዋት ፊሽካው ሲነፋ ሰፈሩ ሙሉ የሚነሣበት የእንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ዛሬ ጣሪያው ተገፎ ተሽጧል፤ ማሽኑ ዝጎ፣ በመሐሉ ሰንበሌጥ በቅሏል። ኪሩቤል እዚያ ሲደርስ "እንዴት ያምራል!" አለ። ደሜ ፈላ። ሰው የሚኖርባቸውን ቤቶች እያየ ዝም ብሎ መጥቶ፣ የሞተውን ሲያይ ነው ያማረለት። እንጀራችን የተቆረጠበት ቦታ ነው፣ ምኑ ነው የሚያምረው አልኩት። ደነገጠና ይቅርታ ጠየቀኝ።

ስለ እማማ እኅተማርያም ቤት የነገርኩት በዚያ መንገድ ላይ ነው። ባላቸው ጋሽ ገብረ ሥላሴ የመጋዝ ቤቱ አናጢ ነበሩ። እማማን ሲያገቡ ለቤቱ የጥድ በረንዳ ሠሩለት፤ ሳንቃው ላይ ከዳር እስከ ዳር ጅባራ ቀረጹበት፤ ያንን ከጎባ በላይ በሳነቴ አምባ ብቻውን ቆሞ ብርዱን የሚችለውን ተክል። እንዲህ ያለ በረንዳ ሌላ ቦታ የለም። ኪሩቤል ይህን ሲሰማ እርምጃው ፈጠነ። በረንዳው እንዳልሽው ከሆነ ዛሬውኑ ለምዝገባ አቀርበዋለሁ አለኝ። በሆዴ እልል አልሁ።

ደረስን። በረንዳው የለም።

ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ፣ ግራጫ ቀለም ተቀብቶ፣ ቀለሙ ገና ሳይደርቅ ያብለጨልጫል። እማማ እኅተማርያም ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመዋል። አጠገባቸው ግንበኛው ወዚርና ሲሚንቶውን በነፃ የሰጠው ባለሱቁ ሳላሕዲን ደስ ብሏቸው "አካም ጅርቱ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ" ይሉናል። ሰፈርተኛው በደቦ ወጥቶ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አሸዋ ተሸክሞ ነው ቤቱን ለእንግዳ ያሰናዳው። እኔ ሻሸመኔ ሳለሁ አንድ የማዘጋጃ ቤት መልእክተኛ መጥቶ፣ ባለሙያ ቤትዎን ሊያይ ነውና ይዘጋጁ ብሏቸው ኖሯል። ይዘጋጁ! ምን ብለው እንደሚዘጋጁ የነገራቸው የለም።

እማማ ወደ ጆሮዬ ተጠግተው "አላሳፈርኩሽም አይደል፣ ሐሙ?" አሉኝ።

ምን ልበል? ኪሩቤል ግድግዳውን በጣቱ ነካው፤ ቀለሙ ለቀቀበት። ቀስ ብሎ፣ ይሄንን ልመዘግበው አልችልም አለኝ። ወደ ጎን ጎትቼ ተከራከርሁት። ይህችን ሴትዮ ሜዳ ላይ ልትጥል ነው ወይ የመጣኸው አልኩት። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ትንሽ አሰበና፣ ልስኑ ይነሣል፣ ዋናው በረንዳው ነው፣ ሳንቃዎቹ ካሉ መልሶ መትከል ይቻላል፣ ያኔ እመዘግበዋለሁ አለ። ወዚር ሰምቶ፣ ወላሂ ዛሬ ማታውኑ እተክለዋለሁ ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ።

እማማ ግን እንግዳ ሳይበላ ሥራ አይጀመርም አሉ። ዶሮ ወጡ ቀረበ። ኪሩቤል ርቦት ነበርና ጥሩ አድርጎ በላ፤ እንዲህ ያለ ወጥ በልቼ አላውቅም አለ፤ እማማም በእጃቸው ደግመው አጎረሱት። ከዚያ እጁ መሶቡ ላይ እንዳለ ሳንቃዎቹ የት እንደተቀመጡ ጠየቃቸው።

ወዚር ነቅሎ ከጓሮው ጉልቻ አጠገብ የከመራቸው ያኔ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ድስቱን አየና አንገቱን ደፋ። እኔም ገባኝ፤ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ሄድሁ። ጉልቻው ሥር አመዱ ገና ይሞቃል። ከአመዱ ዳር፣ የአንድ ጅባራ ቅርጽ ግማሹ የሚታይበት ስንጣሪ ዳሩ ከሰል ሆኖ ቀርቷል። አንሥቼ አመጣሁት፤ መሶቡ አጠገብ አስቀመጥሁት።

ኪሩቤል ቀላ። "እንዴት እንዲህ ያለ ቅርስ ይቃጠላል? ምን ዓይነት ሰው ነው ይህን የሚያነድ?" አለ።

አፌን ከፈትሁ፤ እማማ በእጃቸው ከለከሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

"ልጄ፣ ሹም ነኝ ያለ ሁሉ በድምፅ ማጉያ እየዞረ 'ያንን አሮጌ እንጨት አንሡ፣ ከተማውን አሰደባችሁ' ሲለኝ ስንት ዓመቴ ነው። የባሌ እጅ ነው ብዬ እምቢ አልኳቸው። ስሰደብ ኖርሁ፤ አላነሣሁትም። ዛሬ እንግዳ ቤትዎን ሊያይ ነው ሲሉኝ፣ በእንግዳ ፊትማ አልሰደብም ብዬ አነሣሁት። ቅርስ መሆኑን ታውቁ ኖሮ፣ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ?"

ሳላሕዲን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እማማ እኅተማርያም እንጀራውን በወጡ ጠቅልለው ሌላ ጉርሻ አዘጋጁና እጃቸውን ወደ ልጁ አፍ ዘረጉ።

"ብላ እንጂ" አሉት። "ያበሰለው ገብረ ሥላሴ ነው።"